የጋሽ ጭጭ ማኅተም

ሰፈሩ «ጋሽ ጭጭ» ይለዋል። ዝምተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ወሬ ከጀመረማ ማን ያስቆመዋል! ስሙ የወጣለት ጓዳው ውስጥ በእጁ በሚሠራቸው አምፕሊፋየሮች ነው። አንዱን ሠርቶ ሲጨርስ ሙዚቃ ሳይከፍት ይሰካዋል፤ ድምፁን እስከ ጥግ ይጨምርና ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ይይዛል። ምንም ካልሰማ፣ ክዳኑን ገልብጦ በምስማር አንዲት ትንሽ ጆሮ ይስልበታል። ማኅተሙ እሷ ናት።

ያ ጸጥታ እንዲሁ አይገኝም። የሰፈሩ መብራት አንዴ ይዝላል፣ አንዴ ይዘላል። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ ቀጥሎ ሬጉሌተር ያስገባል፤ ጎርፍ ቢመጣበት እንኳ ውሃውን በብርጭቆ ለክቶ የሚያሳልፍ በረኛ ማለት ነው። ከማጉያው ይልቅ ብዙ ቀን የሚፈጅበት ይኸው በረኛ ነው።

ሻጩ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዱን አምፕሊፋየር በፌስታል ይዞ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ፊውዝ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤቱ ሱቅ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው።»

ጋሽ ጭጭ ክዳኑን ሲፈታ ሽታው ቀደመው፤ የከረመ ዓሣ ዓይነት። መብራት የሚያጠራቅመው የካፓሲተሩ ጣሳ አናት ፈንድቶ ቡናማ ዝልግልግ ነገር እንደ አክታ ተለጥፏል። አፍንጫውን ይዞ ጎንበስ አለ። ሬጉሌተሩ የለም! ቦታው ላይ አንድ ቀይ ሽቦ ተጠምዝዞ፣ የታኘከ ማስቲካ በመሰለ ብየዳ ተለብጧል። ክዳኑ ላይ ግን ያቺ ትንሽ ጆሮ እንዳለች ናት።

«ማነው እዚህ ውስጥ እጁን የከተተው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ልጁ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። «ሰው አልገዛ አለኝ እኮ ጋሼ! ይሰኩታል፣ ጭጭ ይልባቸዋል፣ ‹ይሄማ ሞቷል› ብለው ይሄዳሉ። አሁን ገና ሲሰካ እምምም ይላል። መሥራቱን በጆሯቸው ይሰማሉ። ድምፁም ጨመረ!»

«ስንቱን ነቀልክ?»

«ያው… የሸጥኳቸውን። አሥራ አንዱንም።»

አሥራ አንድ ቤት፣ አሥራ አንድ ጆሮ፣ ሁሉም ያንን እምምታ ሲያደምጡ ታየው። ሞረዱን አንሥቶ ክዳኑን ጭኑ ላይ አስደገፈና ጆሮዋን ይፍቃት ጀመር።

«ኧረ ጋሼ! ክዳን ፈትቶ የሚያይ ማን አለ?»

«እኔ አየሁ።»

ሚስቱ ከበሩ ብቅ አለች። «ወንድሜ እኮ ነው፣ ዛሬን ብቻ ሥራለት በቃ።»

እሱ መፋቁን ቀጠለ። ብረቱ እስኪነጣ ፍቆ ሲጨርስ ሞረዱን ለልጁ ዘረጋለት።

«ሬጉሌተር መልሼ የማስገባላቸው ከሆነ የቀሩትን አሥሩንም እዚህ አምጣ። እምምታው ይሻለናል ካሉህ ደግሞ ቤት ለቤት ዙርና ጆሮዬን ፋቅልኝ። እስከዚያ ከዚህ ጓዳ የሚወጣልህ ዕቃ የለም።»

ልጁ ሞረዱን በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ተቀበለ።

ምሳ ሲቀርብ ጋሽ ጭጭ እጁን በሳሙና ሦስቴ ታጠበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሽታው ጣቱ ላይ አለ። መልሶ አስቀመጠውና ለአራተኛ ጊዜ ሊታጠብ ተነሣ።