እቴቴ በሄቪ ሜታል ስታሳድገኝ

ባለፈው ጥቅምት ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ሮም ውስጥ ፒኜቶ ሠፈር፣ ያገለገሉ ሸክላዎች የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ተጠግቼ ቆምሁ። ባለሱቁ አንድ ሸክላ አውጥቶ፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መርፌውን ሲያሳርፍበት፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ያቺ ድምፅ፣ እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው የምትንጣጣዋ፣ ተሰማችኝ። ዘፈኑ ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ግን እግሬ ከዚያ በር አልነሳ ብሎኝ፣ ስምንት ዓመቴ ሆኖ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ራሴን በእቴቴ ጉልበቶች መካከል አድርጌ ሹሩባ ስሠራ ታየኝ።

የምንኖረው ፖንቴ ማሞሎ፣ ከሜትሮው ጣቢያ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። እማዬ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ‹ፊሳ› ሆና ትሠራ ስለነበር፣ ማለትም አዳሯም እዚያው ስለነበር፣ የምናገኛት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር። አባባ ጎንደር ድቁና ተቀብለው፣ በታላቅ ወንድማቸው በመሪጌታው እጅ ዜማ ተምረው ያደጉ ሰው ሲሆኑ፣ ሮም ውስጥ ግን ጋራዥ መኪና ያጥቡ ነበር። እናም እኔን የማሳደጉ ነገር በታላቅ እህቴ ላይ ወደቀ። ስሟ ትርሲት ነው፤ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ ግን ስሟን ጠርቼ አላውቅም፣ እቴቴ ነበር የምላት። ቁርሴን የምታበላኝ፣ ደብተሬን የምታየው፣ አፍንጫዬን የምትጠርገው እሷ ነበረች።

ሸክላዎቹን ወደ ቤታችን ያመጣቻቸው ሌላ ማንም ሳይሆን እማዬ ናት። በዚያ ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የሲኞራዋ ምድር ቤት ተጠራርጎ እንዲወጣ ተፈለገና፣ አውስትራሊያ የሄደው ልጃቸው ትቶት የነበረው ሣጥን ተገኘ። ሲኞራዋ «ቪያ፣ ቪያ፣ ሁሉንም ጣይው» አሉ። እማዬ ደህና ዕቃ ስትጥል ኖራ አታውቅምና፣ በገበያ ጋሪዋ እየጎተተች፣ በሁለት ሐሙስ፣ በሁለት አውቶብስ አጓጉዛ ከነማጫወቻው አመጣችው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ አባባ።

«ሸክላ ነው። የተማሩ ሰዎች ቤት ነው፤ መቼም ኦፔራ ይሆናል።»

እቴቴ የመጀመሪያውን አውጥታ ሽፋኑን አየችው። በነበልባል የተከበበ የራስ ቅል ነበረበት። እማዬ ሳታይ ቶሎ ወደ ቦታው መለሰችው። ከሸክላዎቹ ሥር አንድ ወፍራም ደብተር ነበር፤ የሲኞራዋ ልጅ ከወጣትነቱ ጀምሮ በደቃቅ ጽሕፈት የሞላው፣ የትኛው ሙዚቃ ከየትኛው እንደተወለደ የሚተርክ ደብተር። እቴቴ ያን ደብተር ዳዊት እንደሚደገም ደገመችው።

የሮም ክረምት ገብቶ መስኮቶቹ በላብ ሲሸፈኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባባ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ፣ ፀጉሬን እየፈታች ከዚያ ደብተር ያነበበችውን ትነግረኝ ነበር። ደብተሩ በጣሊያንኛ የተጻፈ ቢሆንም እሷ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የምትተርክልኝ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

«የሁሉም አያት ብሉዝ ነው» ትለኛለች። «አሜሪካ ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩት ጥቁሮች ብሶታቸውን የዘፈኑበት። ከዚያ እንግሊዝ አገር፣ ፋብሪካ በበዛበት ከተማ፣ የላብ አደር ልጆች ያንን ብሉዝ ወሰዱና አከበዱት፣ አጨለሙት፣ ጊታሩን እንደ መዶሻ አስጮኹት። ሄቪ ሜታል ተወለደ።»

«ከዚያስ?»

«ራስሽን አታንቀሳቅሺ። ከዚያ ታናናሾቻቸው መጡና ሁለት ጊታር አድርገው ፈጠን አደረጉት። ከእነሱ ደግሞ ካሊፎርኒያ ያሉት ተቀበሉና ይባስ አስሮጡት፤ ‹ትራሽ› አሉት። ጦርነትን፣ ውሸታም መሪን የሚሰድብ ነው። ፍሎሪዳ ያሉት ‹ዴዝ›፣ ሞት ማለት ነው፣ አሉና እንደ አንበሳ ማጓራት ጀመሩ። ኖርዌይ ያሉት ደግሞ ‹ብላክ›፤ እሱ ብርድ ነው፣ ስትሰሚው ጣትሽ ይደነዝዛል።»

እያንዳንዱን ስትነግረኝ ሸክላውን ታሰማኝ ነበር። ማጓራቱን ስሰማ ጉልበቷን አጥብቄ እይዝ ነበር፣ እሷም ትስቅብኛለች። እኔ የምወደው ‹ፓወር› የሚባለውን፣ ጣሊያኖቹም አብዝተው የሚወዱትን ነበር፤ ፈረስ፣ ሰይፍና ዘንዶ ስላለበት ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚዘፍኑ ይመስለኝ ነበር። እቴቴ ደግሞ ‹ዱም›ን ትወድ ነበር። እሱ አይቸኩልም። አንድ ምት ተመትቶ ሌላው እስኪመጣ ድረስ አንድ ጉንጉን ትጨርስልኝ ነበር።

ትምህርት ቤት አንድ ልጅ «ይሄ የእናንተ ሙዚቃ አይደለም፣ አንቺ ሌላ ነገር ስሚ» ብሏት እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «ምን አልሽው?» አልኋት። «አያቱን አታውቀውም አልሁት» አለችኝ፤ ያኔ ግን ቤት መጥታ ክፍሏን ዘግታ አልቅሳ ነበር።

ከገና በኋላ ጥቁር መልበስ ጀመረች። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ከናቴራ፣ ጥቁር ጫማ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ነጠላዋን ከላይ ጣል ታደርግና ከሥር ጥቁሩ ይታይ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሴቶች ፊታቸውን አጥቁረው ወደ እማዬ መጡ።

«አስካለ፣ ምነው ሳትነግሪን? ልጅቷ ከል ለብሳ እያየናት... ማን አረፈባችሁ?»

እማዬ በድንጋጤ «ማንም! እግዜር ይመስገን ማንም አልሞተብንም!» አለች። ሴቶቹ እቴቴን ከላይ እስከ ታች አይተው ተያዩ። ቤት ስንደርስ አባባ ሣጥኑን ከፍተው ሽፋኖቹን አንድ በአንድ አዩ፤ የራስ ቅሉን፣ የተቃጠለውን ደብር፣ በበረዶ የተዋጠውን ጫካ። አንዱን ከፍተው ጥቂት ሰሙ። ማጓራቱ ነበር የደረሳቸው።

«ይሄ የሰው ድምፅ ነው?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ሰው ነው።»

«ሞት ይጠራል ይሄ። ሰው በገዛ እጁ ለራሱ ከል አይለብስም።»

ሣጥኑን ተሸክመው ወደ ምድር ቤት አወረዱትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴቴ ከአባባ ጋር መነጋገር አቆመች፤ ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥፋለች፣ ቃል ግን የለም። እሳቸውም ኮሩ። ቅዳሜ ፀጉሬን ስትሠራኝ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሚዶው ድምፅ ብቻ ሆነ። ታሪኩን ንገሪኝ ስላት «አልቋል» ትለኝ ነበር።

ዓቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው በራችንን አንኳኩ። አባባ ገና ሲያዩአቸው ገባቸው። ጎንደር ያሉት መሪጌታ፣ ዜማ ያስተማሯቸው ታላቅ ወንድማቸው፣ አርፈው ነበር። አባባ ለቀብርም ለአርባም ሊሄዱ አልቻሉም፤ ፔርሜሶአቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ለእድሳት ገብቶ አልወጣላቸውም ነበር። ሦስት ቀን ቤታችን ሰው መላ። ያቺ «ማን አረፈባችሁ» ያለችው ሴትዮ መጥታ እቴቴ ያንኑ ጥቁሯን ለብሳ ሻይ ስትቀዳ አየቻት፤ አንገቷን ደፍታ ሻዩን ተቀበለቻት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው የባሰው። አባባ አላለቀሱም። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የማይቀረው እንጉርጉሯቸው ቀረ፤ ከሥራ መጥተው ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና ግድግዳ ሲያዩ ያመሻሉ። ሁለት ዝምታ በአንድ ቤት ነበር፤ የእሳቸውና የእቴቴ፤ እኔ በመካከል እየተመላለስሁ «እራት ቀርቧል በያቸው»፣ «ጠግቤያለሁ በያት» ስባል እውል ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ አባባ ወደ ምድር ቤት ወረዱና ሣጥኑን ተሸክመው እያለከለኩ ወጡ። እቴቴ ፊት አስቀመጡት።

«የማይቸኩል አለ ብለሽ ለእህትሽ ለምሕረት ስትነግሪያት፣ አንድ ቅዳሜ በጊዜ ገብቼ ሰምቻለሁ» አሉ። «የሐዘን የሆነው። የትኛው ነው?»

እቴቴ ከስንት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ ያወጣችው ቃል «አባባ፣ ጾም ነው እኮ» የሚል ነበር።

«ዘፈን አይደለም የጠየቅሁሽ። ለቅሶ ነው።»

እቴቴ አንዱን አወጣችና መርፌውን አሳረፈች። ያ ከባድ፣ ዝግተኛ ጊታር ጀመረ። አባባ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ዘፋኙ አላጓራም፤ ያዜም ነበር፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው።

«ለማን ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

«ለአባቱ ነው፣ አባባ። ሳይደርስለት ሞቶበት።»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግራ እግራቸው ወለሉን መምታት ጀመረ፣ ከዚያ ከደረታቸው በታች፣ ወንድማቸው ያስተማሯቸው ዜማ፣ በዕዝል ስልት፣ ቀስ እያለ ወጣ። ከሸክላው ጋር አልተገጣጠመም፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወድቃል፣ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይቆረጣል። ግን አልተጣሉም። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ፤ አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው። እቴቴ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፣ እሳቸውም ራሷ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ማጫወቻው አጠገብ ቆሜ ሸክላው ሲዞር አይ ነበር።

እማዬ በዚህ መሃል ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ሦስታችንን አየችን።

«እኔ ያመጣሁት ይሄንን ነበር?» አለች፤ ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ ሣጥኑ ምድር ቤት አልወረደም። አባባ ማጓራቱን እስከ መጨረሻው አልወደዱትም፤ ‹ብላክ› ሲጀምር «ይሄስ በረደኝ» ብለው ይነሱ ነበር። ‹ዱም› ሲሆን ግን ይቀመጣሉ። «ግዕዝ ደረቅ ነው፣ አራራይ ያራራል» እያሉ ለእቴቴ የዜማ ስልቱን ይነግሯታል፣ እሷ ደግሞ የራሷን ትነግራቸዋለች፤ ሁለቱ ሲከራከሩ የቅዳሜው ሹሩባዬ እስከ እሑድ ሳያልቅ የሚያድርበት ጊዜ ነበር።

ሁለት በጋ በዚህ አለፈ። በሦስተኛው እቴቴ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ኦስቲያ ባሕር ዳር አንድ ባር ውስጥ ብርጭቆ እያጠበች፣ እኔን በባቡር ይዛኝ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን እረፍቷ ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ለእኔ አንዱን ለራሷ አድርገን አሸዋው ላይ ተኝተን ሳለ፣ «ምሕረቴ፣ ስዊድን ልሄድ ነው» አለችኝ። የድምፅ ሙያ ልትማር፣ ትምህርት ቤቱ ተቀብሏት ነበር።

«ስንት ቀን?»

«ቀን አይደለም።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ አሸዋው ላይ ጣልሁት። እስክትሄድ ድረስ አላናገርኋትም። መስከረም ላይ አባባና እማዬ ወደ ጣቢያ ሊሸኟት ሲነሱ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፍሁ። በሩ ማዶ ቆማ «ምሕረቴ፣ አንዴ ብቻ» አለች። ቆየች። ከዚያ የሊፍቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሮጬ ወደ በረንዳ ስወጣ ጃንጥላዎች ብቻ ነበር የሚታዩኝ፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቅሁም። በቀጣዩ ቅዳሜ ጎረቤታችን ፀጉሬን ሠራችኝ፤ በጣም አጥብቃው ስለነበር አመመኝ፣ እኔም ለሱ ነው ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።

እቴቴ አልቀየመችኝም። በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ አሁንም ትደውላለች፤ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ድምፅ ትቆጣጠራለች፣ ልጆቿ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ስለዚያ ቀን አንዴ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር «አሎራ፣ እንግዲህ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሽ እኮ» ብላ ወሬ ቀየረችብኝ። እማዬና አባባ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገብተዋል። የአባባ ጆሮ ከብዷል፤ ስልኩን ይዘው የራሳቸውን ይናገራሉ፣ እኛ የምንለውን እማዬ ጮክ ብላ ትደግምላቸዋለች፤ የሚደርሳቸው ግማሹ ነው።

እኔ ሮም ቀርቻለሁ፣ ሦስት ክፍል ቤት አለኝ። እሑድ እሑድ አራታችንም በአንድ ስክሪን ላይ እንገናኛለን፣ ደህና ነኝ እንባባላለን፣ እንመራረቃለን። ያኔ ተኮራርፈን ሳምንታት እናሳልፍ ነበር፤ ግን ተኮራርፈንም ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። አሁን በሦስት አገር ተበትነን ማንም ማንንም አያስቀይምም።