ለማሳያ የደፋሁት ውኃ

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ጫፍ ላይ አንድ ወጣት ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ከጠጣው የተረፈውን ውኃ መሬት ላይ ደፋ። የረጠበ ቀይ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አንድ ላይ ሲነሣ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርሁ። ዛሬ እዚያ የተነጠፈ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበርና ሳቅ አለ፤ እኔ ግን ያ ሽታ ሲደርሰኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ተራራው ገና እንዲህ አልተሰናዳም ነበር። አንድ የበጋ እሑድ የክፍል ጓደኞች ተሰብስበን፣ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ረግጠው ባወጡት ቀጭን መንገድ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ወጣን። የጉለሌ ቆርቆሮዎች ከበታቻችን እንደ መስተዋት ያብረቀርቁ ነበር። የቅርብ ጓደኛዬ ገና ሳይነጋ ለብቻው ወጥቶ ጫፉ ላይ ጠበቀን። ለምን እንደ ቀደመን አልጠየቅሁትም፤ ስለ ተራራው ያነበብሁትን ለመናገር ቸኩዬ ነበር።

«የቆማችሁበት ተራ ጉብታ አይደለም» አልሁ። «እዚህ የዘነበ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ በደቡብ የወረደው ወደ አዋሽ፣ በሰሜን የወረደው ወደ አባይ ይሄዳል።»

«ፕሮፌሰሩ ደግሞ ጀመረው!» አለች አንዷ። «በል አሳየና!»

የያዝነው ውኃ አልቆ ነበር። ጓደኛዬ ፎቶ ሊነሣ ራቅ ብሎ ሄዷል፤ ቦርሳው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ከውስጡ አንድ ሙሉ ጠርሙስ አገኘሁ። ሳልጠይቀው፣ እንደ መምህር ክንዴን ዘርግቼ ሁሉንም አፈሰስሁት። ውኃው ወደ አዋሽም ወደ አባይም አልሄደም። የደረቀው አፈር እዚያው ጠጣው።

ሳቁ ሳይበርድ ጓደኛዬ ተመለሰ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«ውኃህ ለሳይንስ ተሠዋ!» አለው አንዱ።

ባዶውን ጠርሙስ ከእጄ ወሰደ። «ጠበል ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «የእማዬ ጠበል። እህል ሳትቀምስ እየጠበቀችኝ ነው።»

ተመልሰን እንቅዳ አልሁት። የዕለቱ አገልግሎት አብቅቶ የጠበሉ በር እንደ ተዘጋ ነገረኝ። ቁልቁለቱን አብሬው ስወርድ፣ ካነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ አንድ የይቅርታ ቃል አላገኘሁም። እሱ ራሱ «አፈሩ ይዳንበት እንግዲህ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ቤት ስንደርስ እናቱን ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ግድግዳ ተደግፈው አገኘናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ክረምቱ ሳይገባ እንደሚያርፉ ያን ዕለት ማናችንም አላወቅንም።

«መጣህ የኔ ልጅ?»

«እማዬ፣ አዳልጦኝ ወደቅሁና ፈሰሰብኝ።» ወደ እኔ አላየም።

እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት።

«አንተ እንኳን ተረፍህልኝ» አሉ። ጠርሙሱን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ደፍተው ያዙት። ብዙ ጠበቁ። ከሥሩ የቀረው ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ግንባራቸውንና ከንፈራቸውን ዳበሱበት። ከዚያ በር ላይ መቆሜን አዩ።

«አንተ ደግሞ ፊትህ ምነው እንዲህ ጠቆረ? ደክሞህ ነው። ና፣ ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አልሁ። መዳፋቸው ላይ የቀረችውን እርጥበት ግንባሬ ላይ አበሱልኝ።