ከደጅ የመለስኩት ፍላሽ

ልጄ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነበረች። ወደ ባሕር ዳር ስትዛወር፣ መንገዱ ይሰባብረዋል ብላ ኮምፒውተሯን እኔ ዘንድ ተወችው። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ደግ ሥራ ሠርታለች። ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን እቤታችን አስቀምጣ፣ ጾመ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በድምፃቸው ቀዳችው። የኔታ በዚያው ዓመት ዐረፉ። እኔ ዳዊቱን እንኳ ሳልጨርስ ወደ እርሻ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ዜማ አልችልም። የቱን እንደምጫን ስላሳየችኝ ግን የእሳቸውን ድምፅ ለሰው ማሰማትም መቅዳትም ቻልኩ።

«አባባ፣ ግልባጭ ልውሰድ፤ ሌላም ቦታ ይቀመጥ» ብላኝ ነበር።

«ምን ያደርግልሻል? እግር የለው፣ የት ይሄዳል?» አልኳት።

ወሬው ተሰማና የየኔታ ደቀ መዛሙርት ከአርብ ገበያም፣ ከእስቴም ይመጡ ጀመር። ሁሉም የጎደለውን ዜማ ብቻ ቀድቶ የሚሄድበት ፍላሽ ይዟል፤ ሙሉው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከማዕተቡ ጋር ባንገቱ አስሮት ነው የሚመጣው። ልጄ በስልክ «ያገኙትን ሁሉ አይሰኩ፣ ቫይረስ ይገባል» ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ሲመጣ የዋለን ሰው፣ እግሩን አጥቤ ያስገባሁትን፣ «ያንተ ዕቃ በሽታ አለበት» ብዬ እንዴት ልመልሰው? እሰካለሁ። በሽታ ቢመጣም ከአቧራ ነው የሚመጣው ብዬ፣ ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ጋቢ አለብሰው ነበር።

አንድ ጠዋት ስከፍተው የየኔታ ፎልደር ላይ ትንሽ ቀስት ተለጥፋለች። ብጫነው አይከፈትም። ሌላውን ብሞክር፣ እሱም ቀስት አለበት፣ እሱም አይከፈትም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀኖች ክፉ ነበሩ። እንዳላጠፋው፣ ጭራሽ ባይነሳስ? እንዳልተወው፣ በሽታው እየበላው ቢሄድስ? ገበያ መውጣት ተውኩ። በር ሲንኳኳ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ፤ በገዛ ቤቴ ተደበቅሁ። ለልጄም አልነገርኳትም። ግልባጩን የከለከልኳት እኔው ነኝ፤ በምን አፌ?

ሲብስብኝ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላትን ሴት ለምኜ አመጣኋት። ምላሰኛ ናት።

«ይህ ኮምፒውተር ነው የሰርግ ዳስ፣ አባባ? ያልገባበት የለም እኮ!»

«እንግዳ ነው ልጄ፣ ምን ላድርግ?»

«በሉ ፎርማት ይደረጋል። ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው።»

«የኔታስ?»

«የኔታ የሉማ! ይዩት፣ ባዶ ነው።»

 ልጄ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሞላ የምታሳይ አንዲት ሰማያዊ መስመር አሳይታኝ ነበር፤ ያች መስመር ትዝ አለችኝ። «እስኪ ያችን መስመር አውጪልኝ» አልኳት። አወጣችው። ልክ እንደ ድሮው፣ ከግማሽ በላይ ሞልታለች።

«ጎተራው ባዶ ከሆነ ይህ የሞላው ምንድን ነው?»

 ወንበሯን ሳብ አድርጋ «ቆይ፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ይሆናል» አለችና አንድ ጥቁር መስኮት ከፍታ አንዳንድ ነገር ጻፈችበት። ቀስት የሌላቸው ፎልደሮች አንድ ባንድ ብቅ ብቅ አሉ። አንዱን ተጫነችው። የኔታ ሳሉ። ዜማ ሊጀምሩ ሲሉ ሁልጊዜም ይስላሉ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቀስት ያለባቸውን ሁሉ አጠፋቻቸው። «የዛሬውን አወጣሁት። ያለኝ ፀረ ቫይረስ ግን የአምና ነው፤ የዘንድሮውን በሽታ አያውቅም። ሰኞ ከደብረ ታቦር አዲሱን ይዤ እመጣለሁ፤ ግልባጩንም ያን ጊዜ እናወጣለን። እስከዚያ የጳጳስ ፍላሽ ቢመጣ እንዳይሰኩ!»

በማግስቱ የየኔታ ልጅ ከስማዳ መጡ። ቄስ ናቸው። መስቀል አሳልመውኝ ተቀመጡና ፍላሻቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አባ፣ ዛሬ አይሆንም» አልኩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። «እስከ ሰኞ እኔ ጋ ይሰንብቱ።»

«እሑድ ቅዳሴ አለብኝ። ለስንቱ ሰጥተህ፣ የአባቴን ድምፅ ለእኔ ትከለክላለህ?»

«ለሁሉም ስሰጥ ነው ሊጠፋ የነበረው። ይስሙት አባ፣ እስኪጠግቡ ይስሙት። ፍላሹን ግን አልሰካም።»

 በዕድሜዬ እንግዳን እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ከፈትኩላቸው። የኔታ ሳሉ፣ ጀመሩ። ቄሱ በነጠላቸው ተሸፍነው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሰሙ። ያቀረብኩትን አልቀመሱም። ሲነሱ ፍላሻቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና «አባቴ ደህና ዘበኛ አግኝቷል» አሉኝ። ይመርቁኝ ይንቀፉኝ አልጠየቅሁም።

እስከ መንገዱ ሸኝቻቸው ስመለስ ሁለት ደቀ መዛሙርት ደጄ ላይ ቆመዋል። አንደኛው ገና ሲያየኝ ፍላሹን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።