ለአማቴ የገዛሁት መብራት

የመተማን ሙቀት የማያውቅ ሰው በጠራራ ፀሐይ መብራት ማብራታችን ይገርመው ይሆናል። እኛ ግን ከረፋዱ ጀምሮ በርና መስኮት ዘግተን፣ ቤቱን አጨልመን ነው ቀኑን የምንገፋው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከደጋ መጥተው እኛ ዘንድ መኖር ሲጀምሩ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበራቸው፤ ዳዊት መድገምና ስፌት መስፋት። ለልጄ ሰርግ የሚሆን መሶብም ጀምረው ነበር። በቀለም የተነከረውን አለላ ሰው እየላኩ ከአገራቸው ያስመጡ ነበር።

መብራት ልግዛላቸው ብዬ ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ ሽማግሌ ለምን ሥራ እንደሆነ ጠየቁኝና አንገቱ የሚታጠፍ፣ ቢጫ ብርሃን ያለው መብራት አወረዱልኝ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነበር፤ የሰሊጥ አጫጆች ካምፕ ውስጥ የሚሰቀለውን፣ ዓይን የሚያጥበረብረውን ነጭ።

«መብራት ያው መብራት ነው፤ ደማቁን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ወላሂ ልጄ፣ ለመጽሐፍና ለመርፌ ይሄ ይሻልሻል። ያኛው ለእጅ ሥራ አይሆንም።»

አልሸጥ ያለውን ዕቃ ሊያስታቅፉኝ የፈለጉ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ። ነጩን ገዝቼ ሄድኩና ጣሪያው መሀል ላይ አንጠለጠልኩት። አማቴ መረቁኝ፤ እኔም በራሴ ኮራሁ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ጠዋት መሶቡን ግቢ አውጥቼ ሳራግፍ፣ ቀዩ መስመር ውስጥ ወይን ጠጅ አለላ ገብቶበት አየሁ። አረንጓዴው መሀልም ሰማያዊ ነበር። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«እማማ፣ ዓይንዎ ደክሟል እኮ! ይበቃዎታል፣ አሁንስ ይረፉ።»

መሶቡን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «እንግዲህ እርጅና ነው» አሉ። በማግስቱ ወስፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ዳዊቱንም ከዚያ ወዲህ አልገለጡትም፤ በቃል የሚያውቁትን ብቻ ይደግሙ ነበር። እኔም አሳረፍኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ ስትዳር ከገበያ የተገዛ መሶብ ቀረበ።

ከዓመታት በኋላ በዚያው መብራት ሥር የጥቁር ቀሚሴን ጠርዝ ሰፋሁ። ለብሼው ደጅ ስወጣ ክሩ ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ተመልሼ ገብቼ ከመብራቱ ሥር እጄን ዘረጋሁ፤ የራሴ ጭንቅላት ጥላ እጄ ላይ ወደቀ፤ ሰማያዊው ክርም መልሶ ጥቁር መሰለ። አማቴ ያን ሁሉ ጊዜ የሚሰፉት በራሳቸው ጥላ ላይ ነበር።

በዚያው ቀን ቢጫውን መብራት ገዝቼ በግራ ጎናቸው አስቀመጥኩና የአለላውን ትራፊ ከፊታቸው ዘረገፍኩት። ቀዩን ከወይን ጠጁ፣ አረንጓዴውን ከሰማያዊው አንድም ሳይስቱ ለዩት። ወስፌውን ሲያነሱ ግን ጣታቸው አልታጠፍ አለ። ሁለቴ ሞክረው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ምነው ያኔ መብራቱ አልተመቸኝም ቢሉኝ?» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«የሰው ስጦታ ይነቀፋል እንዴ?» አሉኝ። «ደግሞ ዓይንዎ ነው ስትዪኝ አመንኩሽ።»