በቀትር የተንኳኳ በር

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ የገበያው ሰፈር መጋላ ጭር ይላል፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች እንኳ በቆሙበት የሚያንቀላፉ ይመስላሉ። በዚያ ሰዓት የሰው በር አይንኳኳም፤ የሚያንኳኳ ቢኖር መርዶ ነጋሪ ነው። ይህን የድሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ በፕሮፌሰርነት ጡረታ የወጣው አባቴ ጉግሳ ግን አንድ ቀን ረሳው።

ታሪኩን የሰማሁት በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ ቤታችን በረንዳ ላይ በግማሽ እንቅልፍ ነው። እናቴ በለጠች ታወራለች፣ አባቴ ጣልቃ ገብቶ ያርማል፣ እኔ ከሁለቱ ድምፅ መሃል እሰምጣለሁ። ስለዚህ የቱን እነሱ እንደነገሩኝ፣ የቱን እኔ እንዳለምኩት መለየት ያቅተኛል።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ አዲስ አበባ ኮሌጅ ጨርሶ ፈረንሳይ አገር ሊማር ሊሄድ ነበር። የጅቡቲውን ባቡር ለመያዝ ወደ ተወለደባት ድሬ መጣ። ልቡ ግን የጎረቤት ልጅ በለጠች ዘንድ ነው። ስለ ብርሃን ፍጥነት ቢጠይቁት አይደክመውም፤ ስለ ፍቅር ሲሆን አፉ ይያዛል። በሚሄድበት ዕለት ጠዋት እሷው ደጅ አገኘችውና፣ «እሁድ ከሐረር ሽማግሌ ይመጣብኛል። አባቴ እሺ ሊል ነው» አለችው።

ባቡሩ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ሮጦ ሁለት ሽማግሌ ለመነ፤ የመጋላውን ጨርቅ ነጋዴ ጋሽ ሞሐሙድንና የባቡር ጣቢያውን አቶ አለምብርሃንን። ሰዓቱ እንዳልሆነ እነሱማ ያውቃሉ። ግን ልጁ እንባ አቅርሮ ሲለምን ምን ያድርጉ? ምሳ እንደበሉ ሄዱ፤ እሱ ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ተቀመጠ።

አቶ አለምብርሃን የባቡር ኮፍያቸውን እንዳደረጉ በሩን ቆረቆሩ። ሴት አያቴ የሺአረግ ከእንቅልፏ ባንና በቀዳዳ ስታይ ኮፍያውን አየች። የበኩር ልጇ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«ልጄን! ልጄን!» ብላ ጮኸች።

መንደሩ ከየአልጋው ተነሣ። በሽርጥ የወጣ አለ፣ በባዶ እግሩ ትኩስ አሸዋ ላይ የሚዘል አለ፤ ሁሉም ያለቅሳል።

«ወላሂ ማንም አልሞተም! ለጋብቻ ነው የመጣነው!» ይላሉ ጋሽ ሞሐሙድ። ማን ይስማቸው።

ወንድ አያቴ አቶ ወልደ ማርያም ነገሩ ሲገባቸው በቁጣ ቀሉ።

«አቦ፣ በዚህ ሰዓት? በሕይወት ላለ ልጄ አስለቀሳችሁኝ! ለላካችሁ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ልቅሶው ጣቢያ ድረስ ተሰማ። አባቴ ድምፁ ከነበለጠች ቤት በኩል እንደሆነ አወቀ። ባቡሩ ሊነሳ ሲያፏጭ እሱ ሻንጣውን ጥሎ ሮጠ። ደጃፉ ላይ ማንንም ሳይጠይቅ ወድቆ ተንሰቀሰቀ። ለካ ሌላው ሰው አልቅሶ ጨርሷል።

«ለማን ነው የምታለቅሰው?» አሉት ወንድ አያቴ።

«አላወቅሁም ጋሼ። ብቻ ከእናንተ ቤት ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው የሺአረግ ናት። አያቴ ግን ትክ ብለው አዩት፣ አዩት።

«ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ የሚያለቅስልን ባዳ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ተነሣ ልጄ።»

ባቡሩ ያን ጊዜ የመጀመሪያውን ጣቢያ ሽንሌን አልፎ ነበር። አባቴ ቃላቸውን ይዞ በሚቀጥለው ሄደ፤ ተምሮ መጣ፣ አገባት፣ እኛን ወለዱ። ዕድሜውን አዲስ አበባ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታውን ይዞ ወደ ድሬ ተመለሰ፣ ከዚራ ገባ። በየቀትሩ እናቴ ግቢውን ውሃ ትረጫለች፤ እሱ በረንዳው ምንጣፍ ላይ ሆኖ፣ «አየሽ በለጡ፣ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል» ይላታል። «ሰማሁ፣ አሁን ተኛ» ትለዋለች። ይኸው ነበር ትዳራቸው፤ እኔ ከዚህ የሚጥም አላየሁም።

የሞተውም በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ በዚያው ሰዓት ነው። ጎረቤት ልጠራ ብድግ ስል እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ሰው ተኝቷል። አንድ ቀን በዚህ ሰዓት አስነሥቷቸዋል፤ አይደግመውም።»

ግቢውን እንደ ወትሮው ውሃ ረጨችና ከጎኑ ጋደም አለች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ አሸዋው ቀስ እያለ ሲደርቅ እያየሁ፣ ድምፄን ውጬ አለቀስኩ። ጥላው ዞሮ የመጋላ ሱቆች መከፈት ሲጀምሩ እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«አሁን ሂጂ አንኳኪ» አለችኝ።