የልጄ ቦርድና የእኔ ካውያ

ዳውንታውን ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ። የጠረጴዛ ጨርቅ፣ የአስተናጋጅ ሸሚዝ፣ የሙሽራ ቬሎ ሳይቀር በእጄ አልፏል። ልጄ ግን ሰው ሥራዬን ሲጠይቃት «ሆቴል ነው የሚሠራው» ትልና ወሬ ትቀይራለች። ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። አልከፋኝም ብል ግን ውሸት ነው።

ኮሮና መጥቶ ሆቴሎቹ ሲዘጉ እኔም አሊያንቴ ሰፈር ካለው ቤቴ ቁጭ አልኩ። ልጄ በረሃ ላይ ባለች ከተማችን ተወልዳ ስኖውቦርድ፣ ጣውላ ላይ ቆሞ በበረዶ መንሸራተት፣ የምትወድ ጉደኛ ናት፤ ከከተማው ብዙም በማይርቀው ተራራ ላይ ነው የለመደችው። ቦርዱ በረዶው ላይ እንዲንሸራተት ሆዱ ሰም መጠጣት አለበት። ሰሙ በካውያ ቀልጦ ይቀባል፣ ሲቀዘቅዝ ይፋቃል። የሚቀባላት ሱቅም ተዘግቶ ነበርና ተጨነቀች።

ካውያ አይደል እንዴ፣ አምጪው አልኳት።

በመጀመሪያው ቀን የባለቤቴን ካውያ አበላሸሁ። በማግስቱ ሰሙ ነጭ ቀሚሷ ላይ ጠብ ሲል የወረደብኝን አልናገረውም። ለቦርዱ የራሱ ካውያ ተገዛለት። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ! ካውያ አንድ ቦታ ከቆመ ያቃጥላል፣ ከፈጠነ አይዘልቅም፤ ይህን ለእኔ ማን ያስተምረኛል? የእኛ ተራራ በረዶ ፀሐይ ሲመታው እግር ይይዛል። ለእሱ የሚስማማውን ሰም ስሞክር ከረምኩ።

በፈረንጆቹ 2021 መጀመሪያ የብዙ አገር ወጣቶች ለሚገናኙበት የበረዶ ስፖርት ውድድር ተመረጠች። ነድቼ ወሰድኳት። ተመልካች አይገባም ስለተባለ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ደወለችልኝ። አሰልጣኟ፣ የቡድኑ ሰም ቀቢ ባለሙያ ቦርዱን እንደገና ይቀባው ብሏል አለችኝ። በእኔ ሰም ወደኋላ ብትቀር ጥፋቱ የእኔ ነው። ስጪው የኔ ልጅ፣ እሱ የተማረ ሰው ነው፣ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው አልኳት።

«አይሆንም ዳዲ። ያንተን ነው የምፈልገው» ብላ ዘጋችው።

አራት አራት ሆነው ይለቀቃሉ፤ ሁለቱ ያልፋሉ። በስልኬ በቀጥታ ስርጭት ሳያት ስትነሳ መጨረሻ ነበረች። ታች ሜዳው ላይ፣ በረዶው በላላበት ቦታ፣ ከፊቷ ያሉት ልጆች ጭቃ የገባ ሰው መሰሉ። የእኔዋ አንዷን አለፈች። ሌላዋንም አለፈች። የመኪናዬን መሪ እየደበደብኩ ጮኽኩ። አጠገቤ ፓርክ ያደረገው ሰውዬ ምን ነካው ብሎ አፈጠጠብኝ፤ ያፍጥጥ።

እስከ መጨረሻው ዙር ደርሳ አራተኛ ወጣች። ሜዳሊያ የለም። ቦርዷን ተሸክማ ወደ መኪናው ስትመጣ የሌላ ቡድን ባለሙያ ተከተላት፤ ከበረዶ አገር የመጣ ጎልማሳ ነው። ቦርዱን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ሰሙ የት ሱቅ እንደተሠራ ጠየቃት። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። የተለመደችውን መልስ ጠበቅሁ።

«አባቴ ነው የሠራው» አለችው በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ይተኩሳል። አሥራ ስድስት ዓመት።»

ያኔ መጨባበጥ ስላልነበረ ሰውየው ክርኑን ሰጠኝ። ስንመለስ እሷ መንገዱን ሙሉ ተኛች፤ እኔ ያለችውን ለራሴ እየደጋገምኩ ነዳሁ።