ሠላሳ ሦስተኛው ደብዳቤ

እትዬ ማኅተም ያሏት ተማሪዎቹ ናቸው። የሃይማኖት ትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም የተቆለፈበትን የመሳቢያ ቁልፍ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንገቷ ላይ በክር አንጠልጥላ ስለኖረች፣ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም ይሏታል። ውሸት ነው፤ ታወልቀዋለች። ግን ተማሪ ያወጣውን ስም ማን ይፍቀው?

ሥራዋ ጸሐፊነት ነው። ቢሮዋ አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት የቆርቆሮ ቁም ሳጥን፣ ወረቀት በጎረሰ ቁጥር የሚያቃስት ማተሚያ፣ ፊደሎቹ ተፍቀው ያለቁ ኮምፒዩተር፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። ከመማሪያ ክፍሉ የሚለያት ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። በወዲያ በኩል ተማሪ ጮክ ብሎ ያነባል፣ መምህሩ ያቋርጡታል፣ ያርሙታል፣ እንደገና ያስጀምሩታል። በወዲህ በኩል እሷ ትጽፋለች። አይሰለቻትም እንዳትሉኝ ብቻ! ስንቴ ሰልችቷታል፤ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ የወተፈችበት ቀንም አለ።

መምህሩን ደግሞ ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «ብዙ ይቀርሃል» ነው የሚሏቸው። በዚያ ቤት መምህር ተማሪውን አያሞግስም። የሳቸው መምህርም አላሞገሷቸውም፣ የመምህራቸው መምህርም እንዲሁ። ተማሪ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ቢወጣው፣ ትርጓሜውን ቢያንቆረቁረው፣ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው ሰምተው «ብዙ ይቀርሃል» ይላሉ። ሽልማቱ እሱ ነው። ልጁ ፊቱ በርቶ ይወጣል፣ ጓደኞቹ ትከሻውን ይመቱታል። ጉዱ ያለው «ጎበዝ፣ ጎበዝ» የተባለው ጋ ነው። መምህሩ ጎበዝ ያሉት ልጅ ተስፋ የቆረጡበት ነውና፣ ሳምንት ሳይሞላው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ሙያ ፍለጋ ይወጣል። ይኼን ከቤቱ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

እትዬ ማኅተምንም ወረቀት ይዛ በገባች ቁጥር «ጎበዝ» ይሏታል። ተማሪ አይደለሁምና ምን ይከፋኛል ትላለች። እንዲያ ትበል እንጂ ይከፋት ነበር።

እንግዲህ የውጪ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር መጣ። እዚያ ሃይማኖት በዲግሪ ይማሩታል ተባለ፤ ደግሞም የማያምን ሰው ሳይቀር ያስተምረዋል ተባለ። መምህሩ ይኼን ሲሰሙ «አሃ» ብቻ ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ወጣቶቹ ግን ልባቸው ተሰቀለ። ለማመልከት የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። መምህሩ የውጪውን ቋንቋ አያውቁም፤ እትዬ ማኅተም ግን እዚህ ከመቀጠሯ በፊት መርከብ ጫኚዎች ቢሮ ስትጽፍ ተምራዋለች። ስለዚህ እሳቸው በቃል ይናገራሉ፣ እሷ ተርጉማ ትጽፋለች፣ ማኅተም መትታ፣ አሽጋ ትልካለች፤ ኋላ ኋላ ደግሞ በኮምፒዩተሩ።

የመጀመሪያው አመልካች ረጅሙ ነበር። ረጅሙ የሚሉት በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ከሁሉም ተማሪ የላቀ ልጅ ነው። መምህሩም «ይህ ልጅ ከእኔ ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ተምሯል። ብዙ ይቀረዋል» አሉ። አለቀ። እትዬ ማኅተም ያኔ አዲስ ናት፤ ተርጓሚ አይጨምርም አይቀንስም ብላ የምታምን የዋህ። ቃል በቃል አስቀመጠችው። እስቲ አስቡት፤ ባሕር ማዶ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚያገላብጡት ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ብዙ ስለሚቀረው ሰው ምን ይበሉ? በሦስት መስመር መለሱት።

ረጅሙ ዛሬ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ደግሞ እሷ በየጠዋቱ የምትሳፈርበት አውቶቡስ ላይ! ሰው አስነስቶ «እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይላታል፣ ቦርሳዋን ይቀበላታል። አንድ ቀን ወሬ ሲያነሳ ሲጥል ቆይቶ፣ «ድሮም ለዚያ የምሆን ሰው አልነበርኩም እኮ። አውቀውብኝ ነው» አላት፣ እየሳቀ። የዚያን ቀን ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወርዳ በእግሯ ሄደች። ልንገረው እያለች አፏ ላይ የመጣ ቃል እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ከረጅሙ በኋላ ቃል በቃል መተርጎም ቀረ። መምህሩ «ብዙ ይቀረዋል» ሲሉ እሷ «በማስተማር ዘመኔ እንደ እሱ ያለ አላጋጠመኝም» ትጽፋለች። ውሸት ነው እንዳትሏት፤ እሳቸው ማለት የፈለጉትን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ እንዲህ ሄደ፣ ሠላሳ አንድ ልጅም ተከትሎት ሄደ። ሁሉም ሲሰናበቱ «እመለሳለሁ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ረጅም ደብዳቤ ይመጣል፣ ቀጥሎ አጭር፣ ቀጥሎ ለሁሉም ወዳጅ ዘመድ በአንድ ጊዜ የተላከ የመልካም ምኞት መልእክት። ከዚያ እሱም ይቀራል።

የተመለሰ አንድ ብቻ ነው፤ ባለመነጽሩ። እሱም ለሁለት ሳምንት። ድምፅ መቅረጫና መጠይቅ ይዞ መጣና መምህሩን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ «ሲያነቡ ለምን ወደ ግራ ያዘነብላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ወንበሩ ሰባራ ነው» አሉት። ጻፈው! እትዬ ማኅተም በግድግዳው ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። ሃይማኖት ሊማር ሄዶ እኛን ሊያጠና መጣ፣ እያለች ለስንት ሰው አወራችው። ከሳቁ በኋላ ግን ደከማት። ያኔ የጀመራት ድካም ነው መሰል፣ እንቅልፍ አያወጣውም።

አሁን መምህሩ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸውም ፈዞ ሰውና ወንበር አይለይም። የቀሩት ተማሪዎች አሥራ አራት ናቸው። ለመምህሩ የሚያነብላቸው፣ ታናናሾቹንም የሚያስተምረው ረዳታቸው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነው። ይኼ ረዳት የእትዬ ማኅተም ልጅ ነው፤ ያውም አንድ ለእናቱ። አባቱ የሞተው ገና በሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ ያደገው እዚያው ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው ወደ ግድግዳው ማዶ ተሻግሮ መምህሩ እግር ሥር ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ።

ሰኞ ዕለት ራት ላይ ሾርባውን እያማሰለ፣ «እማዬ» አላት። አነጋገሩን ስትሰማ ገና አወቀች። «ዩኒቨርሲቲው ሊቀበለኝ ነው። የቀረው የመምህር ደብዳቤ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ።»

«ለመምህሩስ ማን ያነብላቸዋል?»

«ሰው ይፈለጋላ።»

«ከየት?»

ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሌሎቹን ሃይማኖት ማወቅ እፈልጋለሁ። የእኛንም ከውጪ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ። ኃጢአት ነው?» አላት።

«ማን ኃጢአት አለህ? ይልቅ ሾርባህ ቀዘቀዘ።»

«አራት ዓመት እኮ ነው እማዬ። እመለሳለሁ።»

ይቺን ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰምታታለች። «እሺ» አለችና ሳህኗን አነሳች። ውኃው ሲወርድ ሳህኑን እንደያዘች ብዙ ቆመች።

ሐሙስ ከሰዓት መምህሩ ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ቢሮ ገቡ። ወንበር ሳበችላቸው። በወዲያ በኩል ልጇ ታናናሾቹን ያስነብባል።

«ስለ ልጅሽ ነው አሉኝ።»

«አዎ መምህር።»

«ጻፊ እንግዲህ። ይህ ልጅ ከእኔ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተምሯል።» መጽሐፉን በብብታቸው አጠበቁ። «ብዙ ይቀረዋል።»

ሌላ ጊዜ ይኼን ተናግረው ይወጡ ነበር። ዛሬ ግን አልተነሱም። ጉልበታቸው ደክሞ ነው ብላ ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መለሰች።

እጇ ፊደሎቹ ላይ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመት እያሳመርኩ የሰውን ልጅ ሁሉ ሸኘሁ፣ አለች በሆዷ። ዛሬ አንድ ቀን ያሉኝን ብቻ ብጽፍ የእኔው ይቀርልኛል። ማን ይጠይቀኛል? አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ። ልጄም አያውቅ፣ እሳቸውም አያዩ። ክፋት አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። በር ዘግታ ባዶ ቤት መግባት ከአሁኑ ደክሟት ነበር። እናም ጻፈችው፣ ቃል በቃል፣ ልክ እንደ ረጅሙ። ለመላክ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ቀራት።

«ጨረስሽ?» አሉ መምህሩ።

«ጨረስኩ።»

«አንብቢልኝ።»

ይኼን ጠይቀዋት አያውቁም። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይህ ልጅ ከእኔ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተምሯል። ብዙ ይቀረዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ያሉኝ ይኼን ነው።»

«ልክ ነው። እሱን ነው ያልኩት።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለባለመነጽሩ የጻፍሽው ግን እንዲህ አልነበረም።»

እትዬ ማኅተም ክው አለች። እጇ ሳታዝዘው አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ።

«የመጣ ጊዜ እጄን ይዞ አለቀሰ» አሉ መምህሩ። «እዚያ ደብዳቤውን አሳይተውታል። ‹በማስተማር ዘመኔ እንደ እሱ ያለ አላጋጠመኝም› ብለውልኛል አለኝ። እኔ መቼ አልኩ? ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ብያለሁ። በልቤ ብዬዋለሁ። ያልተማረው አፌ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብነግርሽ ትተዪዋለሻ!»

ሳቅም ለቅሶም መጣባት፣ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። «ረጅሙን እኔ ነኝ ያስቀረሁት መምህር። ቃል በቃል ጻፍኩበት። በየጠዋቱ ቦርሳዬን ይቀበለኛል።»

መምህሩ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። «እኔም አለሁበት» አሉ። «ሁለታችን ነን። ብቻሽን አትሸከሚው። ለረጅሙ የምንነግረውም ሁለታችን ነን፤ ጥሪልኝ።»

«የዛሬውን ግን ሳላውቅ አይደለም የጻፍኩት። እንዳይሄድብኝ ነው።»

«እኔስ እንዲሄድ እፈልጋለሁ? ዓይኔ እኮ እሱ ነው።»

በግድግዳው ማዶ አንድ ትንሽ ልጅ ሳይደናቀፍ አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ የልጇ ድምፅ «ብዙ ይቀርሃል» ሲል ተሰማ። ትንሹ ልጅ በደስታ እግሩን ሲያርገፈግፍ ወንበሩ ሲንቋቋ ሁለቱም አዳመጡ።

«ምን ልጻፍ መምህር?»

«እኔ የምለውን ብያለሁ። የቀረው የአንቺ ሥራ ነው።»

የጻፈችውን ደመሰሰችው። ከዚያ እንደገና ጀመረች። ያን የለመደችውን፣ ለሠላሳ አንዱ ያዋሰችውን ዓረፍተ ነገር አልተጠቀመችም። እንባዋ ሲወርድ በእጅጌዋ እየጠረገች ጻፈች። ስትጨርስ ሳይጠይቋት አነበበችላቸው። «ዓይኔ ከፈዘዘ ወዲህ መጽሐፍ የማየው በዚህ ልጅ ነው። ያስተማርኩትን ያውቃል፤ ያላስተማርኩትን ደግሞ እየጠየቀ እኔን አስተምሮኛል። የሚተካው ሰው የለኝም። እሱን ስልክላችሁ ያለኝን መላኬ ነውና አደራ።»

«ይኼን ብያለሁ?»

«ብለዋል።»

«ላኪው እንግዲህ።»

ላከችው። ማተሚያው አቃሰተ፣ ለመዝገብ የሚቀመጠውን ቅጂ ተፋ። መሳቢያውን ከፍታ ማኅተሙን መታችበት፣ መልሳ ቆለፈች። ሥራው አለቀ፣ እሷም አብራ ያለቀች መሰላት።

«ሲሄድስ ማን ያነብልዎታል?» አለች።

መምህሩ መጽሐፉን ከብብታቸው አውጥተው በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ፣ የኮምፒዩተሩ ፊደሎች ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ግድግዳ ምን ስትሰሚ ነው የኖርሽው?»

«ኧረ መምህር! እኔ የቢሮ ሰው ነኝ።»

«አንብቢ አልኩሽ።»

ከፈተችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳሳተች። አፋቸውን ሳይከፍቱ ራሷን አቋረጠች፣ አረመች፣ እሳቸው ተማሪ እንደሚያስጀምሩት ራሷን ከሥሩ አስጀመረች። ከዚያ ቃሉ ከገጹ ቀድሞ አፏ ላይ ይመጣ ጀመር። በወዲያ በኩል ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ልጇም ቆሞ እየሰማ መሆን አለበት። ገጹን ጨርሳ ቀና አለችና፣ የለመደችውን «ጎበዝ» ጠበቀች።

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ብዙ ይቀርሻል» አሉ።

እትዬ ማኅተም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቀጣዩን ገጽ ገለጠች።